አሮጌ ማክና ፒሲ በሲሪያል፦ ቀጥታ ገመድ ወይስ መቀየሪያ?

አሮጌ ማክና ፒሲ በሲሪያል ፖርት፣ ማለትም መረጃን ቢት በቢት ተራ በተራ በሚልከው መሰኪያ፣ ይገናኛሉ፤ የሁለቱ የምልክት አላላክ ደረጃ ግን ይለያያል። የፒሲው ፖርት አርኤስ-232 ነው፤ ምልክቱን በአንድ ሽቦ፣ ከግራውንድ (ከጋራው የዜሮ ቮልት ሽቦ) ጋር እያነጻጸረ ይልካል። በ1986 የወጣው የአፕል ኮምፒውተር ማክ ፕላስ ግን አርኤስ-422 ነው፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ፕላስና ማይነስ ሽቦ አለው።

ቀጥታው ገመድ ርካሽ ነው። ካውያና ስታኞ ካላችሁ ይበቃል። የማኩን ተቀባይ ፕላስ ከግራውንድ ጋር እሰሩት፤ ተቀባይ ማይነሱን ከፒሲው ላኪ ጋር። የማኩ ላኪ ማይነስ ወደ ፒሲው ተቀባይ ይሄዳል። የሁለቱም ግራውንድ ይገናኛል። ላኪ ፕላሱን ግን አደራ፣ ግራውንድ ላይ እንዳታስሩት! ባዶውን ተዉት፤ ካሰራችሁት የማኩን ላኪ ቺፕ በከንቱ ታስጨንቁታላችሁ። ሌላው ጉድለት የማኩ ቮልቴጅ ዝቅ ያለ መሆኑ ነው። አብዛኛው ፒሲ ያነበዋል፤ አንዳንዱ ግን እምቢ ይላል።

መቀየሪያው፣ ማለትም አርኤስ-232ን ወደ አርኤስ-422 የሚለውጠው ዕቃ፣ ቮልቴጁን በወጉ ያስተካክላል። ወጪ አለው፣ ብዙ ጊዜም የራሱን መብራት ይፈልጋል። ጥቅሙ ርቀት ላይ ነው። አርኤስ-232 ወደ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ አርኤስ-422 በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ረጅሙ ገመድ በአርኤስ-422 እንዲሄድ መቀየሪያውን ፒሲው አጠገብ አድርጉት።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ከሆኑ እኔ ቀጥታ ገመዱን እመርጣለሁ። ከቤት ቤት የሚዘረጋ ከሆነ ግን መቀየሪያ፣ ያውም ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ የሚለይ ዓይነት። የጅማ ክረምት ነጎድጓዱ ቀላል አይደለም፤ ሲያጉረመርም ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት።