ከስፌት መኪናው ኋላ ሆኜ የማያት ስፌት ቤት

ስለ ስፌት ቤት ሲወራ ሰው የሚያነሳው ዋጋውንና ቀጠሮውን ነው። «ለማክሰኞ ብላ ለዓርብ አደረሰችልኝ» ይላል፤ «እጅጌው ሰፋብኝ» ይላል። እኔ የምጽፈው ከመኪናው ኋላ ቁጭ ብዬ ነው። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለች አንዲት ስፌት ቤት ከተቀጠርኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት አንድ ትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ልብስ ስፌት ተምራ ጨርሳለች። ከአንድ ፋብሪካም፣ ከእኛ ቤትም «ነይ» ተብላለች። «እህቴ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብላ በር ላይ ያዘችኝ። ቆሜ የምመልሰው ነገር አልሆነልኝም።

ቤቷ ትንሽ ናት። ስድስት ሰው ነን። አራት ባለ ሞተር መኪና፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጭ አንድ ኦቨርሎክና አንድ አሮጌ የእግር ሲንገር አለን። መብራት ሲጠፋ የምትሠራው ሲንገሯ ብቻ ናት። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን። ሃምሳን አልፈዋል፤ መርፌ የያዙት በልጅነታቸው ነው። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ጥርና ሚያዝያ ደግሞ ሰርግ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ ጫምባላላ፣ የባህል ልብስ የሚያሰፋም ብዙ ነው።

ፋብሪካው የነበረው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ እኔ ይርጋለም ተማሪ ነበርኩ። «ሥራ መጣ» ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራ ነበር። እኔ በ2012 መጨረሻ ገባሁ። መኪና ነክቼ አላውቅም ነበር፤ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ደመወዝ በቀኑ ባንክ ይገባል። ሰርቪስ አለ፣ ምሳ አለ። ጡረታ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ተቆርጧል።

አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ፣ ተገጣጥሞ ካልታየ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ቀኑና ሰዓቱ ደብተር ላይ ይጻፋል። ሰው የሚለብሰው ልብስ ውስጥ ብረት እንዳይቀር ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን እዚህም ቤት ያን ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ። የሕፃናት ዩኒፎርም ስንሰፋ ያለ እሱ አልሠራም።

ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት የሸሚዝ ካፍ፣ ማለትም የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ነው። አጠገቤ ያለችው ኮሌታ ትሰፋለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ኪስ። የሰዓቱ ታርጌት ቦርድ ላይ ይጻፋል፣ እጅ ይሮጣል። ሱፐርቫይዘሬን ሌላ ቦታ እንዲያዞረኝ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። «ካፍ ላይ እንዳንቺ ፈጣን የለኝም፤ እንዴት አነሳሻለሁ?» አለኝ። ጎበዝ በሆንኩ ቁጥር እዚያው ወንበር ላይ ተቸነከርኩ።

በ2016 ለፋሲካ ይርጋለም ሄድኩ። እማዬ አበባ ያለበት ጨርቅ ገዝታ ጠብቃኛለች። «ልጄ ፋብሪካ ናት፣ ቀሚሴን እሷ ነች የምትሰፋልኝ» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። ጨርቁን አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ጠመኔ ይዤ ቆምኩ። ከየት እንደሚቆረጥ አላውቅም። አራት ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰፊ ነኝ፣ አንድ ቀሚስ ግን አልችልም። «መኪናው ያለው እዚያ ነው፤ ሐዋሳ ወስጄ እሰፋልሻለሁ» ብዬ አጣጠፍኩት። እማዬን መዋሸቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ፋብሪካውን ለመልቀቅ የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

«ትልቅ ድርጅት ዋስትና አለው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔም አምን ነበር። ግን 2014ን ፓርኩ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ አስወጣች። ፓርኩ ውስጥ ከነበሩት ትልልቆች አንዱ፣ የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ ከዚያ በፊት፣ ኅዳር ላይ ነው ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያሳወቀው። አብዛኞቻችን አጎዋ ምን እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው። ሸሚዙ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ቀረጥ ሲጨመርበት ገዢው ሌላ አገር ይሄዳል። እኔ የነበርኩበት ፋብሪካም ትእዛዝ ሳሳ፣ ኦቨርታይም ቀረ። ሥራዬን አንድም ቀን አላጠፋሁም፤ ግን ዋሽንግተን የተወሰነው ነገር ዳቶ ሰፈር ለሦስት ሆነን የተከራየነው ክፍል ድረስ መጣ።

እትዬ ዘንድ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሜትሩን አንገቴ ላይ አደረጉልኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሰውን ለኪ። መስፋቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። ደረት ሲለካ ሰውየው ትንፋሹን እንዳይውጥ ማውራት እንዳለብኝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የተማሪ ሱሪ እግሩ ላይ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተዋል፤ ልጁ ሲያድግ እናቱ ትፈታለታለች። እንዲህ ያለውን ነገር ፋብሪካ ማንም አይነግርሽም፤ ለባሹን አታይውምና። በስድስተኛው ወር የእማዬን ጨርቅ ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ ሰፋሁት። የ2017ን ፋሲካ ለብሳው ዋለች።

ይህን ሁሉ ብዬ የስፌት ቤታችንን ጉድለት ብደብቅ ልጅቷን እበድላታለሁ። ባለፈው ጥቅምት ደመወዛችን አሥራ አንድ ቀን ዘገየ። ዩኒፎርም ያዘዘ ትምህርት ቤት ገንዘቡን አላስገባም ነበር። እትዬ አልሸሸጉንም፣ ደብተሩን ከፍተው አሳዩን። የቤት አከራዬ ግን የእትዬን ደብተር አያውቁም። ተበድሬ ነው የከፈልኩት። አንዷ ጓደኛችን ታማ ሦስት ሳምንት ስትቀር ደግሞ ደመወዟን ሳይነኩ ሰጧት፣ ሾርባ ይዘው ጠየቋት። ደስ ይላል። ግን ያ የእትዬ ደግነት ነው፤ የትም አልተጻፈም። ነገ ቤቱን ሌላ ሰው ቢረከበውስ?

ስቀጠርም በቃል ነበር። ብዙ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለፋብሪካ ብቻ ይመስለዋል። አዋጅ 1156/2011 ስድስት ሰው የሚሠራባትን ቤትም ያያል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ጽሑፍ ለሠራተኛው ይሰጣል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ አለ። ጡረታ ደግሞ ከእኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው።

እኔ ግን አራት ወር ሙሉ ጡረታ አልተከፈለልኝም። ለመጠየቅ ፈራሁ። እትዬን ማስቀየም እናትን ማስቀየም ሆኖ ተሰማኝ። ትንሽ ቤት ያለው ትልቁ ችግር ለእኔ ይሄ ነው፤ መብትሽን ስትጠይቂ ይሉኝታ ይይዝሻል። ፋብሪካ ቢሆን ሰው ሀብት ቢሮ ሄጄ በጠየቅሁ ነበር። በመጨረሻ ቡና ላይ አነሳሁት። እትዬ ደነገጡ። «ልጄ፣ ይሄ ለትልልቆቹ እንጂ ለእኔ ቢጤ አይመስለኝም ነበር» አሉ። ፎርሙን አብረን ሞላን፣ ተመላልሰን ጨረስን። ያለፉት ወራትም ተከፈሉ። ዛሬ ስድስታችንም የተፈረመ ውል አለን።

ገንዘቡን በግልጽ ልናገር። ፋብሪካውን ስለቅ ከነኦቨርታይሙ እጄ የሚገባው 3,200 ብር አካባቢ ነበር። እዚህ መነሻዬ 3,500 ነው። ነሐሴና መስከረም በፍሬ ስለሚታሰብ 7,000 የደረሰበት ወር አለ። ምሳና ባጃጅ ግን ከራሴ ኪስ ነው።

ለደንበኞችም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ዩኒፎርማችንን ያለ ስጋት አሰፉ። የሐበሻ ቀሚስም እንደዚያው። ሙሉ ልብስ ኮት ግን ገና ነን፤ ትከሻው ላይ አሁንም እንቸገራለን። ጥር ላይ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ የሰርግ ልብስ አትዘዙ። እትዬ እምቢ ማለት አይችሉም፤ ሌሊት የምንሠራው እኛ ነን።

ልጅቷ እንደ እኔ መኪና ነክታ የማታውቅ ብትሆን ኖሮ ፋብሪካውን እላት ነበር። ፍጥነቴም ጥንቃቄዬም የመጡት ከዚያ ነው። እሷ ግን መለካትም መቁረጥም ተምራለች። ሦስት ዓመት ካፍ ላይ ከተቀመጠች የተማረችው ከእጇ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ እኛ ነይ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጋ ይዣት እገባለሁ። ሜትሩን ከመቀበሏ በፊት ውሉን እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ። አፍራ ዝም ካለች እኔ እጠይቅላታለሁ።