እንቅልፍ ላጡ ወላጆቻችን፦ አፕ፣ ቪዲዮ ወይስ ስልክ?

እማዬ ሜሪላንድ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አላት። 72 ዓመቷ ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ትነሳለች። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ነግቶ ረፍዷል። እህቶቿ ቡና እያፈሉ ነው። ሳሎን ቁጭ ብላ ስልኳን ትከፍትና ታወራለች። ቀን ደግሞ እኛ ሥራ እንሄዳለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ቤቱ ጭር ሲልባት ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። ማታ ዓይኗ ፍጥጥ ይላል።

"ምን ሆነሽ ነው?" ስላት "ሐሳብ ነው እንጂ ምን እሆናለሁ" ትለኛለች። ብዙ ወላጆቻችን ጭንቀቱንም፣ ድብርቱንም፣ ናፍቆቱንም የሚጠሩት በዚህች አንድ ቃል ነው።

መፍትሔ ስፈልግ ወራት ፈጀብኝ። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ብዙ ነው፣ ሁሉም ጥሩ ነኝ ይላል። እናት ወይም አባት አሜሪካ ያላችሁ እንደኔ እንዳትባክኑ ያየኋቸውን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። ፍርዴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው አረጋውያን ከየትኛውም አፕ ይልቅ ስልክ ላይ ያለ ሰው ይሻላል።

የምንገዛው ምንድን ነው?

ሕክምናው አንድ ነው፣ የሚለያየው የሚቀርብበት መንገድ ነው። ሲቢቲ-አይ ይባላል። ለእንቅልፍ ማጣት ተብሎ የተዘጋጀ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው፣ ክኒን የለበትም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሥር የሰደደበት አዋቂ ሁሉ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት ይኸው ነው ብሏል።

ዋናው ሥራው ሰው የማይጠብቀው ነው። አልጋ ላይ የምንቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል። እማዬ ማታ 3 ሰዓት ትተኛና ጠዋት 1 ሰዓት ትነሳለች። ለ10 ሰዓት ያህል አልጋ ላይ ናት፣ እንቅልፏ ግን ቢበዛ 6 ሰዓት ነው። የቀረው መገላበጥ ነው። ሕክምናው "ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት አትተኚ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሺ" ይላል። አልጋ ላይ ካሳለፈችው ጊዜ 85 በመቶውን መተኛት ስትጀምር 15 ደቂቃ ይጨመርላታል። እያለ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ለአረጋውያን መለኪያውን ትንሽ ዝቅ የሚያደርጉ ቴራፒስቶች አሉ።

ሁለተኛው ነገር አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው ነው። እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥቶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፣ ሲያንገላጅጅ መመለስ። ይህ እማዬን አልከበዳትም። ድሮም እንቅልፍ ሲያጣት ዳዊት ትደግማለች። የከበዳት ስልኩን መተው ነው።

ክኒኑስ? የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በ2023 ያደሰው የቢርስ ዝርዝር ዞልፒዴምን፣ እነ ዳያዜፓምን፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን ዳይፈንሃይድራሚንንም አረጋውያን እንዲርቋቸው ይመክራል። መውደቅ፣ ስብራትና መደናገር ስለሚያስከትሉ ነው። "ፒኤም" ተብሎ የተጻፈባቸው የሕመም ማስታገሻዎች፣ ታይለኖል ፒኤምን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ይህ ዳይፈንሃይድራሚን አለባቸው። የወላጆቻችሁን መሳቢያ ክፈቱና እዩ። ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን የእንቅልፍ ክኒን ግን በአንድ ጊዜ አታስቁሟቸው። አደጋ አለው፣ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።

ለአእምሮ ጤናም ይጠቅማል ወይ ለሚል ሰው ይህን እነግራለሁ። የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 ዓመት ያለፋቸውን፣ እንቅልፍ ያጡ ግን ድብርት የሌለባቸውን 291 ሰዎች ለሦስት ዓመት ተከታተሉ። ውጤቱ በ2022 ታተመ። ለሁለት ወር ሲቢቲ-አይ ካገኙት መካከል ድብርት የያዛቸው 12 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለ እንቅልፍ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 26 በመቶ ገደማ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው የእማዬን እንቅልፍ "የእርጅና ነገር ነው" ብዬ ማለፍ ያቆምኩት።

በማዘዣ የሚገኙት አፖች

ሁለት ስሞች ትሰማላችሁ። ሶምሪስት በመጋቢት 2020 የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አገኘ፤ የ9 ሳምንት ፕሮግራም ነው። ስሊፒዮ-አር-ኤክስ በነሐሴ 2024 ፈቃድ አገኘ። የስሊፒዮ መሥራቾች አንዱ የኦክስፎርዱ የእንቅልፍ ፕሮፌሰር ኮሊን ኤስፒ ናቸው። እንግሊዝ አገር ኤንአይሲኢ የተባለው የጤና ተቋም በ2022 ስሊፒዮን በክኒን ፋንታ እንዲሰጥ መክሮታል። ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችሁ ደግሞ ሶምኒዮ የሚባለውን ከሐኪም ማዘዣ ጋር በጤና መድናቸው ያገኙታል።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ወረፋ የለም፣ በራስ ሰዓት ይሠራል፣ ሳይንሱም እውነተኛ ነው። ከ2025 ጀምሮ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) እንዲህ ያሉ ፈቃድ ያላቸውን ዲጂታል ሕክምናዎች፣ ሐኪሙ በሕክምና ዕቅዱ ውስጥ ካስገባቸው፣ መክፈል ጀምሯል።

ችግራቸው ለእኛ ትልቅ ነው። አማርኛ የላቸውም። ብዙ ይነበባል፣ ብዙ ይሞላል። አባታችሁ ጡረታ የወጡ መምህር ከሆኑና እንግሊዝኛ እንደ ልባቸው ከሆነ ችግር የለም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ካልሆነ ግን ሥራው የእናንተ ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አስቡ፦ ሶምሪስትን ይሸጥ የነበረው ፔር የተባለው ድርጅት ሚያዝያ 2023 ከሰረ፣ ምርቱን ሌላ ድርጅት ገዛው። ከመክፈላችሁ በፊት ዛሬ ማን እንደሚያስተዳድረውና መሃል ላይ ቢቆም ገንዘባችሁ እንዴት እንደሚመለስ ጠይቁ።

ነፃዎቹ

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢንሶምኒያ ኮች የሚባል አፕ አለው። የ5 ሳምንት ዕቅድ ይሰጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲቢቲ-አይ ኮች የሚባለው ሌላው አፑ ደግሞ ከቴራፒስት ጋር ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ አጋዥ ነው። ለመጠቀም ወታደር መሆን አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ይዘው ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸውና እዚህ ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ብዙ ጊዜ ሜዲኬር የላቸውም፤ ለእነሱ ከምንም ይሻላል። እሱም እንግሊዝኛ ነው። እናንተ አንብባችሁ፣ ገብቷችሁ፣ በአማርኛ የምታስረዱ ከሆነ ብቻ ይሠራል።

ትልልቆቹ የኦንላይን ቴራፒ ድርጅቶች

ማስታወቂያቸው የትም አለ። ቶክስፔስ ሜዲኬር መቀበል ጀምሯል፣ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ቤተርሄልፕ ደግሞ በ2023 የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ብሎ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል በሚል ክስ፣ ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት 7.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሐሳባቸውን ለቄሳቸው እንኳ በግድ ለሚያወጡ ወላጆች ሚስጥር ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ለሐዘን፣ ለብቸኝነት፣ ለጭንቀት አጠቃላይ ቴራፒስት ሊረዳ ይችላል። ለእንቅልፍ ግን በሲቢቲ-አይ የሠለጠነ ነው ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ብዙው አልሠለጠነም። "ስልክ አታዩ፣ ቡና ቀንሱ" ብሎ መምከር ሕክምናው አይደለም።

በቪዲዮ የእንቅልፍ ቴራፒስት

የባህሪ እንቅልፍ ሕክምና ማኅበር ድረ ገጽ ላይ የባለሙያዎች ዝርዝር አለ። ቴራፒስቱ ሜዲኬር የሚቀበል ከሆነ የዓመቱ መነሻ ክፍያ (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣው) ከተሟላ በኋላ የእናንተ ድርሻ 20 በመቶ ነው። ልብ በሉ፦ ፈቃዱ ታካሚው ባለበት ስቴት የሚሠራ መሆን አለበት። እናቶቻችን ሦስት ወር ሲያትል፣ ሦስት ወር ቨርጂኒያ ልጆቻቸው ዘንድ ይዘዋወራሉ። መሃል ላይ ሕክምናው እንዳይቋረጥ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት በዲሲና በሲያትል አካባቢ አይጠፋም። በሲቢቲ-አይ የሠለጠነ ማግኘት ግን ከባድ ነው። አስተርጓሚው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት መድን) የሚቀበል ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። "ልጅሽን አምጪና ታስተርጉም" ብሎ ማስገደድ አይችልም። ይህን ባለማወቄ መጀመሪያ ላይ እኔው አስተረጎምኩ። እማዬ አምስት ደቂቃ አወራችና "ደህና ነኝ በያቸው" አለች። በሚቀጥለው ጊዜ የክሊኒኩ አስተርጓሚ ገባ፣ እኔ ወጣሁ። በሩ ተዘግቶ አርባ ደቂቃ አወራች። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ ፊቷ ግን ቀለል ብሎታል።

ስልክ

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የድሮ ነገር ይመስላል፣ ማስረጃው ግን ከአረጋውያን ጋር ተፈትኖ የመጣ ነው። በዋሽንግተን ስቴት 60 ዓመት ያለፋቸው፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት ያለባቸው 327 ሰዎች ተጠንተው በ2021 ውጤቱ ወጣ። ሲቢቲ-አይ የደረሳቸው በ8 ሳምንት ውስጥ 6 ጊዜ ተደወለላቸው፣ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። በዚያው መጠን ተደውሎ ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ እንቅልፋቸው ተሻሻለ። ከዓመት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም። ከዚያ በፊት በ2011 ፒትስበርግ ላይ በ79 አረጋውያን የተሠራ ጥናት ነበር፦ ሁለት ጊዜ በአካል፣ ሁለት ጊዜ በስልክ። የሰጠችው ነርስ ናት። ያም ሠርቷል።

ስልክ ለወላጆቻችን የሚመቸው ለምንድን ነው? የይለፍ ቃል የለውም። ካሜራ ፊት መልበስና መቀመጥ የለም። አስተርጓሚ በሦስተኛ መስመር በቀላሉ ይገባል። ዋናው ግን በየሳምንቱ "እንዴት አደሩ?" ብሎ የሚጠብቃቸው ሰው መኖሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ሰው ቀን ቀን ይደክመዋል። ያኔ አፕ ይዘጋል። የደወለን ሰው ግን እናቶቻችን አይዘጉበትም። ጉድለቱ መገኘቱ ነው። "በስልክ ሲቢቲ-አይ" ብሎ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ብዙ አታዩም። የቪዲዮ ቴራፒስቱን "በስልክ ትሠራላችሁ ወይ?" ብላችሁ ነው የምታገኙት፣ መድኑም በድምፅ ብቻ የሚደረገውን እንደሚከፍል አብራችሁ አረጋግጡ።

የሰዓቱ ነገር

የትኛውንም ብትመርጡ የእንቅልፍ ማስታወሻ አለ። መቼ ተኛሁ፣ መቼ ነቃሁ፣ መቼ ተነሣሁ። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚበላሽ ነገር አለ። እማዬ "5 ሰዓት ተኛሁ" ስትል ከምሽቱ 5 ማለቷ ነው፣ በፈረንጁ 11። አፑ ግን ንጋት ላይ የተኛች ያደርጋታል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሞልተን ስሌቱ ሁሉ ተበላሸ። አሁን በደብተር በኛ ሰዓት ትጽፋለች፣ እኔ ወይም አስተርጓሚው 6 ሰዓት እንደምራለን።

ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም የሚነገሩ ነገሮች አሉ። ከፍተኛ ማንኮራፋትና እየታፈኑ መንቃት ካለ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይመርመሩ። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ካለ፣ በቅርቡ ከወደቁ፣ መኪና የሚነዱ ከሆነ የእንቅልፍ ሰዓት ማሳጠሩ ያለ ባለሙያ አይሞከርም። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ስለ መሞት ማውራት ከጀመሩ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉትና ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወደተቋቋመው የስልክ መስመር 988 ደውሉ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እንግሊዝኛና ስማርት ስልክ ለሚቀናቸው፣ ሐኪማቸው ለሚያዝላቸው፣ አፑ ይበቃል። መድን ለሌላቸው ነፃውን ይዛችሁ ከጎናቸው ቁጭ በሉ። ሐዘን ወይም ብቸኝነት ለበረታባቸው የቪዲዮ ቴራፒስት ከአስተርጓሚ ጋር። ለቀሩት ስልክ።

እማዬ በስልክ ከጀመረች አራተኛ ሳምንቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ደብተሯን ከፍቼ አየሁ። እንዲህ ይላል፦ "6 ከሩብ ተኛሁ። 10 ላይ ነቃሁ፣ ዳዊት ደገምኩ። 12 ተነሣሁ። ስልክ አልነካሁም።"