የጆሮ መሸፈኛ በብረታ ብረት ቤት፦ ከስምንት ወር በኋላ

ዕቃው በጭንቅላት ላይ በሚያልፍ ቅስት የተያያዙ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች ያሉት የጆሮ መሸፈኛ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤስኤንአር 30» ተጽፏል፤ ድምፅን በ30 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ስምንት ወር ያገለገለው በርና መስኮት በሚሠራበት፣ ቱቦላሬና ላሜራ ቀኑን ሙሉ በግራይንደር በሚቆረጥበት ቤት ነው። ድምዳሜውን እናስቀድም፦ ያዋጣል። ጆሮን የሚያድነው ግን ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን ቆዳ ላይ የሚያርፈው ትራስ ነው።

ቁጥሩ የተለካው በቤተ ሙከራ ነው፤ ሥራ ላይ ያን ያህል አይገኝም። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ አጠገቡ ላለ ሰው ወደ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለአንዲት ቁራጭ ነው» ተብሎ ማውለቅ ከባድ ስህተት ነው። በትክክል 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መሸፈኛ እንኳ ከ8 ሰዓት ጩኸት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢወልቅ የቀኑ ጥቅሙ ወደ 12 ዴሲቤል ይወርዳል።

እስከ አራተኛው ወር እንከን አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ላብና የብረት ብናኝ ትራሱን አደረቁት፤ በጆሮ ግርጌ በኩል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጣች። ስንጥቋ ትንሽ ብትሆንም ድምፅ እንደ ውኃ ነው፤ ቀዳዳ ካገኘ ይገባል። ወፍራም የመነጽር እጀታ፣ ከትራሱ ሥር የገባ ሹሩባና የኮፍያ ጠርዝም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እጀታው ቀጭን የሆነ መነጽር መምረጥ፣ ፀጉርን ወደ ኋላ መሰብሰብ ይበጃል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ኮምፕሬሰሩ እየሠራ መሸፈኛውን አድርጎ ሁለቱን ኩባያዎች በመዳፍ ወደ ጆሮ ጫን ማድረግ። ሲጫኑ ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ ትራሱ አልገጠመም፣ ወይም ቅስቱ ላልቷል ማለት ነው። ትራሱን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁትም ጉድጓዱ ካልተመለሰ ይቀየር። በእንዲህ ያለ ቤት በየስድስት ወሩ መቀየር ተገቢ ነው። አሮጌው ከጠርዙ ተይዞ ሲጎተት ይወጣል፤ ከውስጥ ያለው ስፖንጅ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አዲሱ ዙሪያውን ቀጭ እስኪል ይጫናል። ስፖንጁን ረስቶ መግጠም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያለ እሱ ኩባያው በውስጡ ያስተጋባል።

ጽዳቱ ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ነው። ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ስለሚሰነጥቁ አይነኩትም። ቅስቱን ወፍራም ቱቦ ላይ ለጥጦ መስቀልም ያላላዋል።

ደካማ ጎኑ ብየዳ ላይ ይታያል። ቅስቱ ከብየዳ ጭምብሉ ማሰሪያ ጋር ይጋጫል፤ ለበያጅ ቅስቱ ከማጅራት የሚያልፈው ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ያልባል፣ ይከብዳል። የስፖንጅ የጆሮ መሰኪያ ለሙቀት ይመቻል፤ ነገር ግን ብናኝ በነካው እጅ ተጠቅልሎ ወደ ጆሮ መግባት የለበትም። ላሜራ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ሁለቱን ደርቦ ማድረግ ይመከራል፤ ድምር ጥቅሙ ግን ከተሻለው በ5 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ይበልጣል እንጂ አይደመርም።

ማታ ጆሮ የሚጮህ ከሆነ መከላከያው አልበቃም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም፤ እንደ ሰ፣ ፈ እና ተ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ የመስሚያ መሣሪያም ይረዳል እንጂ የሞተውን አይመልስም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የመስማት ማገገሚያ የሚያስፈልጋቸውን ከ430 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸዋል። ከጩኸት የሚመጣው ጉዳት ግን መከላከል የሚቻል ነው። በእኛ አገር ለሠራተኛው የመከላከያ ዕቃ ማቅረብ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው።

ሲገዙ ትራሱ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ይጠይቁ። መለዋወጫ የሌለውን ቢረክስም አንመክርም።