«በርን ዘ ዊች» ወይስ «ዴይድሪሚንግ»?

የእንግሊዙ ባንድ ሬዲዮሄድ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀናት ልዩነት ሁለት ነጠላ ዜማዎችን ከነክሊፖቻቸው ለቋል። ሁለቱንም የለንደን ኮንቴምፖራሪ ኦርኬስትራ ቢያጅባቸውም፣ ወደ ሲኒማ የሚቀርቡበት መንገድ ለየቅል ነው።

«በርን ዘ ዊች» ታሪክ ይተርካል። በክሪስ ሆፕዌል ዳይሬክተርነት በአሻንጉሊቶች የተሠራው ይህ ክሊፕ፣ ለጉብኝት የመጣን እንግዳ በፈገግታ ተቀብለው በመጨረሻ ግዙፍ የእንጨት ምስል ውስጥ ዘግተው እሳት የሚለኩሱበትን የመንደር ነዋሪዎች ያሳያል። የቫዮሊኖቹ ችኩል ምት አደጋውን ገና ከጅምሩ ስለሚያሳብቅ ዜማውና ምስሉ እጅና ጓንት ናቸው።

«ዴይድሪሚንግ» በአንጻሩ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚዘልቅ ዝግ ያለ የፒያኖ ዜማ ነው። ፖል ቶማስ አንደርሰን ባዘጋጀው ክሊፕ ድምፃዊው ቶም ዮርክ አንዱን በር ከፍቶ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ ከመተላለፊያ ወደ ሰው ቤት፣ ከሰው ቤት ወደ ደጅ እያለ፣ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ወጥቶ ዋሻ ውስጥ ከእሳት ዳር ጋደም ይላል። በ35 ሚሊ ሜትር የሲኒማ ፊልም የታተሙት ቅጂዎቹ ለተመረጡ ሲኒማ ቤቶች መላካቸውም ተገቢ ነበር፤ ይህ ክሊፕ ለስልክ ስክሪን አይሆንም።

እኔ የማደላው ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ድንቅ ሥራ ቢሆንም ፍጻሜው አንዴ ከታወቀ ድንጋጤው ይቀንሳል፤ «ዴይድሪሚንግ» ግን በታየ ቁጥር፣ በተለይ ቼሎዎቹ እንደ ከባድ እንቅልፍ ትንፋሽ ሲያጉረመርሙና የዮርክ ድምፅ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሲሰማ፣ ልብን እንደ አዲስ ይነካል።