ዐሥር ወር ከፒያኖ አስተማሪ አፕ ጋር፦ የት ደረስኩ?

ኪቦርዱን ሳሎናችን ውስጥ ያየ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

አንድ ቁጥር ጠርቼ አልገላገለውም። በቀኝ እጄ ብቻ ቀላል ዜማ ለመጫወት አራት ቀን በቃኝ። ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ለማስኬድ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ስልክ ሳላይ፣ ከወረቀት ላይ ኖታ እያነበብኩ አንድ ገጽ ለመጨረስ ስድስት ወር። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «አሁን ዘፈን ሆነ» እስክትለኝ ደግሞ ዘጠኝ ወር። አሁን ዐሥር ወር ሞላኝ።

የጀመርኩት ጥቅምት 2017 ላይ ነው። 38 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም። ሥራ አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ለራሴ የማገኘው ከእራት በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን ያህል ተቀምጫለሁ። አፑ የመዘገበልኝ ጠቅላላ ልምምድ 102 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ዐሥር ወር» ስላችሁ 102 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። በቀን ሁለት ሰዓት መቀመጥ የሚችል ሰው ቀድሞኝ ይሄዳል።

ኪቦርዱ 61 ቁልፍ አለው። ከሰው እጅ በ28 ሺህ ብር ገዛሁት። ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ ነው ያለው፣ 52 ነጭና 36 ጥቁር። ለጀማሪ ግን 61ዱ እስካሁን አላነሰኝም። ስትገዙ አንድ ነገር አጥብቃችሁ እዩ። ቁልፉን ቀስ ስትሉት ቀስ ያለ፣ ጠንከር ስትሉት ጠንከር ያለ ድምፅ መስጠት አለበት። ይህ የሌለው ኪቦርድ ላይ ጣት ልክ አይማርም። የአፑ ክፍያ በዓመት 120 ዶላር ነው። የእኔን ካርድ አልቀበል ስላለ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ከፈለልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩን ኖታ ማስቀመጫው ላይ አቆመዋለሁ። አፑ በማይክ ያዳምጠኛል። ልክ ስነካ አረንጓዴ፣ ስስት ቀይ ያበራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው። የት የት እንደምሳሳት ይይዝና በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ቦታ ለይቶ ያመጣልኛል።

ይህን ነገር ከልቤ ወድጄዋለሁ። ኅዳር ላይ አንድ መስመር አቃተኝ። አውራ ጣቴ በመሀል ጣቴ ሥር አልፎ ቀጣዩን ቁልፍ መያዝ ነበረበት። ሁልጊዜ እዚያ ላይ እሰናከላለሁ። አፑ ያንን አንድ መስመር ቆርጦ አወጣው። ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 50 ምት አወረደው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳልሳሳት ስጫወት 54 አደረገው። ከዚያ 58። በአራት ቀን ውስጥ ያንን መስመር መቶ ጊዜ ሳልጫወተው አልቀረሁም። አንድም ጊዜ አልሰለቸኝም፣ እሱም ሰልችቶት ፊቱን አላጠቆረብኝም። ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ትልቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ፊት መሳሳት የሚያሳፍረው ሰው እዚህ በነፃነት ይሳሳታል።

ግን ሳላውቀው የያዘኝ ችግር ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ። የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበር። ኪቦርዱ በባትሪ ድንጋይም ይሠራልና ሻማ አብርተን ተቀመጥን። ትልቁ ልጄ «እማ፣ ያን የትናንቱን ተጫወችልን» አለኝ። ትናንት አፑ 96 ከመቶ የሰጠኝን ማለቱ ነው። ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቴ ቆመ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ምንም አላውቅም። ከላይ እየወረዱ ቁልፍ የሚያሳዩትን ባለቀለም ዘንጎች እየተከተልኩ ነበር እንጂ ሙዚቃውን አልያዝኩትም።

በማግስቱ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ዘንጎቹን አጠፋኋቸው። ባለ አምስት መስመሩ ኖታ ብቻ ቀረ። ለሦስት ሳምንት እንደ አዲስ ጀማሪ ሆንኩ። 96 የነበረው ውጤቴ 50ዎቹ ውስጥ ገባ። እውነተኛው ትምህርት የጀመረው ግን ያን ጊዜ ነው። አሁን የሚጀምር ሰው ካለ ዘንጎቹን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ያጥፋቸው። እኔ ሁለት ወር አባክኜባቸዋለሁ።

ጥር መጨረሻ ላይ የቀኝ እጄ አንጓ ያመኝ ጀመር። ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያ ሳነሳ እንኳ ይጠዘጥዘኛል። አፑ ግን በየቀኑ «ግሩም ነው፣ ቀጥይ» ይለኛል። ቁልፉን ይሰማል እንጂ እጄን አያይም። በሰፈራችን ልጆችን ኪቦርድ የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት አሉ። ሄጄ ነገርኳቸው። ቤት መጥተው ተቀመጡና «እስቲ ተጫወቺ» አሉኝ። ዐሥር ሰከንድ እንኳ አልቆየሁም።

«ልጄ፣ ወንበርሽ አጥሯል» አሉ።

ሁለት ትራስ ደርበው አስቀመጡኝ። ክርኔ ከቁልፎቹ እኩል ሆነ። ከዚያ ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አውጥተው በእጄ ጀርባ ላይ አስቀመጡት። «ሳይወድቅ ተጫወቺ።» ሦስት ኖታ ሳልሄድ ሳንቲሙ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። እንደገና አስቀመጡት። እንደገና ወደቀ። ለካስ በእያንዳንዱ ቁልፍ እጄን ሙሉ አነሳና እጥለዋለሁ። ሳንቲሙ መውደቅ ሲያቆም ሕመሙም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ማክሰኞ ጋሼ ይመጡልኛል። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ የአፑ ብቻ ውጤት አይደለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ መጣ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ አፑ ኪቦርዱን መስማት አቆመ። ቁልፉን እነካለሁ፣ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቀኛል። ደግሜ እነካለሁ፣ አሁንም ይጠብቀኛል። ደረቅ ቀን እንኳ ቢሆን ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ የሚነካበት ኮርድ ላይ ማይኩ ብዙ ጊዜ ይስት ነበር። ከመርካቶ ኪቦርዱን ከስልኩ ጋር የሚያገናኝ የዩኤስቢ ገመድና የስልክ መሰኪያውን ገዛሁ። ችግሩ በዚያው ቀን ተፈታ። በገመድ ሲሆን አፑ ድምፅ መስማት አያስፈልገውም። ኪቦርዱ ራሱ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ በቁጥር ይልክለታል። የኃይሉ መለኪያ እስከ 127 ይደርሳል። ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ልጆቹ ተኝተውም መለማመድ ቻልኩ። ገመዱን ከመጀመሪያው ቀን ግዙ።

ለፋሲካ ሰሞን ሁለት ሳምንት አቋረጥኩ። ቀኝ እጄ ሁሉንም ያስታውሳል። ግራ እጄ ግን ጭልጥ ብሎ ረሳ። ለመመለስ አንድ ሳምንት ወሰደብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፒያኖ የጀመርኩት የአገሬን ዜማ ለመጫወት ነው። አፑ ውስጥ የቅኝት፣ ማለትም የአገራችን ዜማ የሚሠራባቸው የኖታ ስብስቦች፣ ትምህርት የለም። አንድም። ጥያቄ የሚጠየቅበት ቦታ ስላለው ሰኔ ላይ ከቅኝቶቹ ስለ አንዱ፣ ስለ አንቺሆዬ ጠየቅኩት። ምንም ሳያመነታ አምስት ኖታ ጻፈልኝ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ተጫወትኩት። እናቴ ሰማችና «ይኼማ ትዝታ ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ትዝታ ማይነር ነው። አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ያረሙልኝ ጋሼ ናቸው። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ባይኖር ኖሮ ስህተቱን ይዤ እቀጥል ነበር። አፑ የተሳሳተበት ድምፀት ልክ ሲሆን ከሚናገርበት ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በጣም የከፋኝም ይኼ ነው።

ኪቦርድ ያላችሁ ይህን አሁኑኑ ሞክሩት። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዛችሁ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ቁልፎችን ተራ በተራ ንኩ። ትዝታ ሜጀር ነው። ጋሼ ይህን ሲያሳዩኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ከኖታዎቹም በላይ አጨዋወቱ አለ። ማሲንቆ መቺ ጣቱን ሸርተት አድርጎ የሚያወጣው ድምፅ አንዳንዴ በሁለት ቁልፍ መሀል ነው የሚውለው። ፒያኖ ላይ ያ ቦታ የለም፤ ሁለቱን ቁልፎች ቶሎ ቶሎ እየነኩ ማስመሰል ነው ያለው። አፑ ደግሞ ያቺን ተጨማሪ ንክኪ በቀይ ይቆጥርብኛል። ትንሽ ዘግየት ብዬ ስገባም ቀይ። በ2023 እኤአ ኢየሩሳሌም ውስጥ ያረፉት መነኩሲትና ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖን እንደ ትንፋሽ ነበር የሚጫወቱት፣ ሲፈልጉ እየዘገዩ፣ ሲፈልጉ እየፈጠኑ። የእርሳቸው አጨዋወት ለዚህ አፕ ቢሰጥ በየመስመሩ ቀይ ይበራ ነበር። ስለዚህ የአገር ዜማ ስጫወት ስልኩን እዘጋዋለሁ።

ችክችካ የሚባለውን የአገራችንን የጭፈራ ምትም እንዲሁ ከሰው ነው የተማርኩት። ጋሼ ግራ እጄን ጉልበቴ ላይ ሁለት ሁለት፣ ቀኝ እጄን ሦስት ሦስት አስመቱኝ። ሦስት ማክሰኞ በዚያ አለቀ፣ ኪቦርዱን ሳንነካ።

ዛሬ ያለሁበት ይኼ ነው። ቀላል ኖታ አነባለሁ። ዋና ዋናዎቹን ኮርዶች ሳላስብ እይዛለሁ። ትዝታን በሁለቱም እጆቼ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው ፊት እጫወታለሁ። ባቲን ጀምሬያለሁ። አንድ ዘፈን ሰምቼ ኮርዱን ማግኘት ገና አልቻልኩም። ግራ እጄ አሁንም ከቀኙ አንድ ዓመት ወደኋላ የቀረ ይመስለኛል።

ክፍያው መስከረም መጨረሻ ላይ ያበቃል። ወንድሜ ባለፈው እሑድ ደውሎ «ላድስልሽ?» አለኝ። ለትልቁ ልጄ አድስለት አልኩት። 11 ዓመቱ ነው፣ ኖታ ማንበብ በደንብ እየያዘ ነው፤ ዘንጎቹን አጥፍቼበት፣ ወንበሩን ከፍ አድርጌለት ነው የሚለማመደው። እኔ ግን አሁን የምፈልገው አንቺሆዬን ነው። ጋሼ የነሐሴን ማክሰኞዎች በሙሉ ይዘውልኛል።