ጠገራ ብር ወይስ የምኒልክ ብር?

ባሕር ዳር ያለ ሳንቲም ሰብሳቢ ጓደኛዬ «አቅሜ ለአንድ ብቻ ነው፣ የቱን ልግዛ?» አለኝ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ዋጋ (ማዕድኑን ነው፣ ኪሳችን ያለውን አይደለም) በዓለም ገበያ በአውንስ (31 ግራም ገደማ) ከ50 ዶላር ካለፈ ወዲህ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው።

ዋጋ፦ ሁለቱም 28 ግራም ገደማ ናቸው፣ ንጹሕ ብሩም በሁለቱም 23.4 ግራም አካባቢ ነው። ጠገራ ዋጋው ከማዕድኑ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ምኒልኩ ላይ ግን ታሪክም ይከፈልበታል፣ በተለይ ፊቱና አንበሳው ካልተፋቀ።

ዕድሜ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ይላል፤ ፊቷ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ቢሆንም ቪየና ያለው ማተሚያ ዛሬም ያንኑ ቁጥር እያተመ ያወጣዋል፣ ስለዚህ «የአያቴ አያት ሙዳይ ውስጥ የነበረ ነው» ቢሉህ ቁጥሩ ምስክር አይሆንህም። የምኒልኩ ፓሪስ የተመታ ነው፣ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር አለበት።

ስጋት፦ ሐሰተኛ በሁለቱም አለ። ማግኔትና ትንሽ ሚዛን ይዘህ ሂድ። ጎጃም ውስጥ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ጆሮ የተበየደበት ወይም የተበሳ ሞልቷል፤ ለአንጥረኛ ምንም አይደለም፣ ለሰብሳቢ ግን ዋጋው ዝቅ ይላል።

ነገ ልትሸጠው የምትችል ከሆነ ጠገራው ይቀልሃል። ለልጅህ የምታስቀምጠው ከሆነና ጊዜ ካለህ፣ ያልተበሳ ምኒልክ እስክታገኝ ታገስ።