ከብረቱ በር ጀርባ፦ በናፖሊ ሙዚየም «ምሥጢራዊ ክፍል» ያደረግነው ጉብኝት

ሮም ለምንኖር ሐበሾች ናፖሊ በፈጣን ባቡር የአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ መንገድ ናት፤ ይሁንና አብዛኞቻችን ወደዚያ የምንሄደው ለፒዛ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ እንጂ ሙዚየም ለማየት አይደለም። እኔም የናፖሊን ብሔራዊ የአርኪኦሎጂ ሙዚየም ደጃፍ የረገጥሁት፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ «ያንን እሳት የቀበረውን ከተማ ሳላይ አልመለስም» ስላሉ ነው። ፖምፔይን ያየ ሰው ሙዚየሙንም ማየት አለበት፤ ከፍርስራሹ የወጣው ዕቃና ሥዕል አብዛኛው የተቀመጠው እዚያ ነውና። ይህ ግምገማ ግን ስለ መላው ሙዚየም ሳይሆን ጣሊያኖች «ጋቢኔቶ ሴግሬቶ» ማለትም «ምሥጢራዊ ክፍል» ስለሚሉት አንድ ስፍራ፣ እንዲሁም ገንዘብ ከፍለን ስለወሰድነው የአስጎብኚ አገልግሎት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ክፍሉ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል፤ አስጎብኚው ግን የከፈልነውን አላወጣም። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ ጥፋቱም የአንዱ ብቻ አይመስለኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክፍሉ የሚገኘው በመካከለኛው ፎቅ፣ የፖምፔይ ሞዛይኮች ከተቀመጡበት አዳራሽ አጠገብ ነው። ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይገባም። መግቢያው ላይ የብረት ፍርግርግ በር አለ፤ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ለማየት ስለሚቸኩል በሩን ልብ ብሎ አያየውም። እኔ ግን ከዕቃዎቹ ይልቅ ብዙ የሚናገረው በሩ ይመስለኛል። የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በ79 ዓ.ም. ፖምፔይንና ጎረቤቷን ሄርኩላኔምን ሲቀብር፣ በውስጥ የሚታዩት ቅርጾችና ሥዕሎች በአብዛኛው በአደባባይ፣ በአትክልት ስፍራ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በእንግዳ መቀበያ ክፍል ነበሩ፤ የደበቃቸው ሰው አልነበረም። በ1738 በሄርኩላኔም፣ በ1748 ደግሞ በፖምፔይ ቁፋሮ ሲጀመር፣ ከአመዱ ሥር ሲወጡ ያዩአቸው፣ ያኔ ናፖሊን ይገዙ የነበሩት የቡርቦን ነገሥታት ሹማምንት ግን ደነገጡ። በ1819፣ በኋላ ቀዳማዊ ፍራንቼስኮ ተብሎ የነገሠው አልጋ ወራሽ ከባለቤቱና ከሴት ልጁ ጋር ሊጎበኝ መጣና፣ ያየውን አይቶ ነውር የተባለው ሁሉ ተለይቶ በአንድ ክፍል እንዲቆለፍ አዘዘ። ከዚያ በኋላ መግባት የሚችለው ዕድሜው የበሰለ፣ ጠባዩ የተመሰከረለትና የንጉሡን ፈቃድ የያዘ ሰው ብቻ ሆነ። ለጣሊያን አንድነት የተዋጋው የጦር መሪ ጋሪባልዲ በ1860 ናፖሊን ሲይዝ አስከፈተው፤ በፋሺስቱ ዘመን ተመልሶ ተዘጋ፤ አሁን ባለበት መልክ ለማንኛውም ጎብኚ የተከፈተው በ2000 ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡት ዕቃዎች በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተለወጡም፤ እየተከፈተና እየተዘጋ የኖረው የተመልካቹ ሕሊና ነው።

ይህ የጣሊያኖች ብቻ ጠባይ አልነበረም። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም በ1865 «ሴክሬቱም» የሚባል የተቆለፈ ክምችት ነበረው። ይኸው ሙዚየም በ2013 የጃፓንን ጥንታዊ የወሲብ ሥዕሎች፣ «ሹንጋ» የሚባሉትን፣ በአደባባይ ሲያሳይ፣ ሥዕሎቹ በተወለዱባት በጃፓን ተመሳሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ የተከፈተው ገና በ2015 ነበር።

ወደ ክፍሉ ስንገባ አክስቴ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማላውቀውን ቤት በር በስሕተት የከፈትሁ ያህል ተሸማቅቄ ነበር። ከእኛ ጋር ዐሥር የሚያህሉ የተለያየ አገር ሰዎች ነበሩ፤ አስጎብኚያችን ገና ከመግቢያው ጀምሮ ቀልድ ያወርድ ጀመር፣ ሰዉም ይስቃል። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ የተሰቀሉት ከነሐስ የተሠሩ የወንድ ብልት ቅርጾች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ክንፍ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የአንበሳ እግር የመሰለ እግር አብቅለዋል፣ ከሥራቸውም በቀጫጭን ሰንሰለት ትናንሽ ቃጭሎች ተንጠልጥለዋል። አስጎብኚው «ሮማውያን ወሲብ የማይጠግቡ ሰዎች እንደነበሩ ከዚህ ይታያል» ብሎ ወደሚቀጥለው ሣጥን አለፈ። አክስቴ ግን አልተከተሉትም፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው መስተዋቱን ተጠጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ለቡዳ ነው፤ አይደለም እንዴ?» አሉኝ በለሆሳስ።

«እንዴት አወቁ አክስቴ?»

«ቃጭሉን አታይም? እንዲያው ለነውር ቢሆን ቃጭል ምን ያደርግለታል?»

ትክክል ነበሩ። ሮማውያን ይህን ቅርጽ «ፋስኪኑም» ይሉት ነበር፤ ከዚያው ሥር የሚወጣው ግሥም በዓይን መውጋትን፣ መተትና ድግምትን ያመለክታል። ቅርጹ ለሕፃናት አንገት፣ ለቤት ደጃፍ፣ ለሱቅ መግቢያ የሚሆን መከላከያ ነበር፤ የቃጭሉ ድምፅም ክፉውን ያባርራል ተብሎ ይታመን ነበር። በቬሱቪየስ ፍንዳታ ሕይወቱ ያለፈው ሊቅ ፕሊኒ፣ ፋስኪኑም ሕፃናትን ብቻ ሳይሆን ድል አድርገው የሚመለሱ የጦር አዛዦችንም ከቅናት እንደሚጠብቅና በሠረገላቸው ሥር ይንጠለጠል እንደነበር ጽፏል። ለምን ይህ ቅርጽ እንደተመረጠ ከጥንት ጀምሮ የሚሰጠው አንዱ ማብራሪያ፣ የቀናተኛው ዓይን ሕፃኑን ትቶ ወደ አስገራሚው ነገር እንዲሳብ ነው የሚል ነው። ልጃቸው ሲደነቅ ፈጥነው «እንትፍ በሉበት» የሚሉ እናቶች ያሳደጉን ሰዎች ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገንም። እኛ በልጆቻችን አንገት ክታብ አሰርን፤ እነሱ ደግሞ ይህን አሰሩ።

በዚያው ክፍል ካለው ሁሉ እኔን ያስቆመኝ ግን አንድ የድንጋይ ጽላት ነው። ከአንድ የፖምፔይ ዳቦ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ከነበረበት ተነቅሎ የመጣ ሲሆን፣ በመካከሉ የወንድ ብልት ተቀርጾበት ከላይና ከታች በላቲን ጽሑፍ አለው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ «እዚህ ደስታ ይኖራል» ተብሎ ይተረጎማል፤ ስለዚህም ጎብኚው ሁሉ ከሴተኛ አዳሪዎች ቤት የመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን «ደስታ» ተብሎ የተተረጎመው «ፌሊኪታስ» የሚለው የላቲን ቃል ፍሬያማነትን፣ ሲሳይንና መልካም ዕድልን ጭምር የያዘ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ቢመለስ «እዚህ ቤት በረከት ይኖራል» ቢባል ይሻላል። ሊጡ ኩፍ እንዲል፣ እሳቱ እንዳይከፋ፣ የጎረቤት ዓይን ዳቦውን እንዳያበላሽ የተለጠፈ ጸሎት ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው «ምጣድ ላይ ዓይን የሚያርፍባት ሴትም አለች እኮ» ብለው ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አዩት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቃላት ሳስብ ቆየሁ። በጨዋ አማርኛ ለዚህ የሰውነት ክፍል ያለን መጠሪያ «ሀፍረተ ሥጋ» ነው፤ ከስሙ ጀምሮ ሊታፈርበት የተወሰነ ነገር ነው ማለት ነው። በአንድ አገር ውስጥ ግን ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አያይም። በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ያሉትን የቱቱፈላንና የጨልባ ቱቲቲን ትክል ድንጋዮች ያየ ሰው፣ ከመካከላቸው በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ እንዳሉ ያውቃል። በኮንሶና በቦረና የአምልኮ መሪዎች በግንባራቸው የሚያስሩት ከለቻም የዚሁ ቅርጽ ዘር ነው፤ የሚያስሩትም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። በቡታን ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ቅርጽ በቤት ግድግዳ ላይ በደማቅ ቀለም ይሳላል፤ ምክንያቱም ዞሮ ዞሮ ክፉ መንፈስንና ሐሜትን ማባረር ነው። ስለዚህ ሮማውያን ከሌላው ዓለም የተለዩ ልቅ ሕዝብ ነበሩ የሚለው ትረካ ቀላል ነው፤ አስጎብኚያችንም የሸጠልን ይህንኑ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሮማውያን ነውር አያውቁም ነበር ማለትም ስሕተት ነው። አውግስጦስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18 ዓመት ባወጣው ሕግ የባለትዳር ሴት ዝሙት በፍርድ ቤት የሚያስከስስ ወንጀል ሆኖ ነበር። ነውሩን የሚለካው የተፈጸመው ድርጊት ብቻ ሳይሆን ማን በማን ላይ ፈጸመው የሚለው ነበር፤ ለነጻ ዜጋ ወንድ፣ በባርነት ከተያዘች ሴት ወይም ከተያዘ ወጣት ጋር መተኛት በሕግ የሚያስጠይቅ አልነበረም። አስጎብኚው በትንሹ የነካካውና በቀልድ ያለፈው፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው። በማግስቱ በፖምፔይ ይኸው ሰው «ሉፓናር» ወደሚባለው የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ወሰደን። ዐሥር ጠባብ ክፍሎች፣ ከድንጋይ የተሠሩ አልጋዎች፣ ከበሮቹ በላይ ሥዕሎች። ሥዕሎቹ «የምግብ ዝርዝር ናቸው፤ ደንበኛው በጣቱ እየጠቆመ ያዝ ነበር» አለን፤ ሰዉ ሣቀ። ይህ በአስጎብኚዎች ዘንድ የተወደደ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ግን የማይቀበሉት ተረት ነው፤ ተመሳሳይ ሥዕል በሀብታሞች መኝታ ቤትም ይገኛልና። በግድግዳው ላይ ከተቧጨሩት ከመቶ በላይ ጽሑፎች መካከል ስላሉት የሴቶች ስሞች ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚያ ብዙም በማይርቀው፣ ከ20 ዓመት ጥገና በኋላ በ2023 በተከፈተው የቬቲዎች ቤትም እንዲሁ ሆነ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ፕሪያፑስ የተባለው ጣዖት ብልቱን በሚዛን በአንዱ በኩል፣ የገንዘብ ከረጢት በሌላው በኩል አድርጎ ሲመዝን ተሥሏል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሉ በሣጥን ተከድኖ ለወንዶች ብቻ በክፍያ የሚገለጥበት ጊዜ ነበር። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ያንን ፎቶ ያነሣል። በዚያው መግቢያ ግን ኤውቲኪስ የምትባል ግሪካዊት፣ «ጠባየ መልካም»፣ በሁለት አስ እንደምትገኝ የሚናገር ጽሑፍ ተቧጭሮ ተገኝቷል። አስ የመዳብ ሳንቲም ነው። በዚያው ከተማ ባለ የመጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ በአንድ አስ ተራ ወይን፣ በሁለት አስ ሻል ያለ፣ በአራት ደግሞ ዝነኛው ፋሌርኖ እንደሚጠጣ ተጽፏል፤ የልጅቱ ዋጋ የመካከለኛው ወይን ዋጋ ነበር ማለት ነው። ኤውቲኪስ ማለት በግሪክኛ «ዕድለኛ» ነው። የቤቱ ጌቶች፣ ሁለቱ ቬቲዎች፣ ራሳቸው ከባርነት ነጻ የወጡ እንደነበሩ ይታመናል።

በሙዚየሙ ክፍል ውስጥ ስላለውና በ1752 በሄርኩላኔም ስለተገኘው፣ ግማሽ አካሉ ፍየል የሆነው ጣዖት ፓን ከፍየል ጋር ሲገናኝ ስለሚያሳየው የእብነ በረድ ሐውልት ብዙ ይወራል፤ ለእኔ ግን ከወሬው ያነሰ ሆኖብኛል። መጠኑ ትንሽ፣ ጥበቡ የረቀቀ ነው፤ አክስቴ ፊታቸውን አዞሩ፣ እኔም አልጎተጎትኋቸውም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ ቡድን ይዞ ከሚጓዝ አስጎብኚ ይልቅ ሁለት ሦስት ገጽ አንብቦ ብቻውን እንዲገባ ነው፤ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ በቡድን ሲገባ የሚታየው የሰው ጀርባ ነው። ከተቻለ መጀመሪያ ፖምፔይን በቺርኩምቬሱቪያና ባቡር ሄዶ ማየት፣ ሙዚየሙን ወደ ማግስቱ ማሳደር ይሻላል፤ ባዶውን ግድግዳ ያየ ሰው ከግድግዳው የወጣውን ዕቃ በሌላ ዓይን ያየዋል። እኛ በተቃራኒው ነው ያደረግነው፤ እንዲህ ያደረገንም የአስጎብኚው ፕሮግራም ነበር። ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ መግቢያው በነጻ በመሆኑ ሰልፉ ያሰለቻል። ከቤተሰብ ጋር ለሚሄድ፣ አማት ወይም አባት ይዞ መግባት ያሳፍራል ብሎ የሚሰጋ ይኖራል፤ እኔ ከአክስቴ ጋር ባልገባ ኖሮ ቃጭሉን አይቼ አልፈው ነበር።

ከሙዚየሙ ወጥተን በአሮጌው ከተማ ስንዘዋወር፣ በየመደብሩ ደጃፍ እንደ በርበሬ የቀሉ ትናንሽ ቀንዶች ተሰቅለው አየን። ናፖሊዎች «ኮርኖ» ይሉታል፤ በቁልፍ መያዣ፣ በመኪና መስተዋት፣ በአንገት ሐብል ያንጠለጥሉታል፣ ሥራውም ዓይን መከላከል ነው። ብዙዎች የፋስኪኑም የልጅ ልጅ ነው ይሉታል። አክስቴ አንዱን አንሥተው አገላብጠው ሲያዩ ሻጩ ጣቱን ነቀነቀ፤ ለራስ ሲገዙት አይሠራም፣ ሰው ሲሰጥ ነው እንጂ። ተረጎምሁላቸው።

«እንግዲያው አንተ ግዛልኝ» አሉ።

«ለእርስዎ?»

«ለእኔማ ማተቤ አለልኝ። ለጎረቤቴ ለባለ ሱቋ ነው፤ ገበያ ቀዘቀዘብኝ ትላለች። ከምን እንደመጣ ግን እንዳትነግራት።»